ፎ ቤት ገብቶ ማዘዝ፦ ለጾመኛ፣ አሳማ ለማይበላ፣ ለልጅ፣ ለጥሬ ሥጋ ወዳድ ምን ይታዘዛል?

#1 አናንዴል_ሰፈር

ጤና ይስጥልኝ። ዓርብ ማታ ስድስት ሆነን ፎልስ ቸርች (ቨርጂኒያ) ኤደን ሴንተር የሚባለው የቬትናሞች ገበያ ሄደን ፎ፣ ማለትም የኑድል ሾርባቸውን፣ ልንበላ አስበናል። አንዷ ጾመኛ ናት። አንድ አዛውንት አባት አሳማ የነካውን ምንም ነገር አይቀምሱም። ሁለት ልጆች አሉ፣ የሰባትና የአራት ዓመት። አንዱ እንግዳ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ወዳድ ነው። ሜኑውን ኢንተርኔት ላይ አየሁት፤ ቁጥሩ ከመቶ ያልፋል፣ ፎው ብቻ ሃያ መስመር ነው። ማን ምን ይዘዝ? እንዴትስ ይበላል? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

#2 የመረቅ_ሰው

የሜኑው ርዝመት አያስደንግጥህ። የፎው ገጽ ላይ መረቁ አንድ፣ ኑድሉም አንድ ነው፤ መስመሩን ያበዛው የሥጋው ቅልቅል ነው። የሥጋዎቹን ስም ከያዝህ ሃያውንም ያዝህ።

«ታይ» በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ቀይ ሥጋ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ እግር የወጣ። ጥሬውን ኑድሉ ላይ ያነጥፉትና የሚፈላ መረቅ ሲፈስበት ይበስላል። «ቺን» መረቁ ውስጥ ቆይቶ የበሰለ ፍሪምባ ነው። «ጋው» ያው ፍሪምባ ሆኖ ጮማው ያልተነሣለት ነው። «ናም» ከሆድ በኩል የሚወጣ፣ ክሩ የሚታይ ሥጋ ነው። «ጋን» ጅማት ነው፤ በደንብ ከተቀቀለ አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ከቸኮሉበት ጥርስ ይፈታተናል። «ሳች» ሽንፍላ ነው፣ ታጥቦ ነጭ ሆኖ በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ ይመጣል። «ቦ ቪየን» የተፈጨ ሥጋ ድብልብል ነው። «ዳክ ቢየት» የሚለው መስመር ሁሉንም በአንድ ሳህን የያዘው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበላ ሰው ዳክ ቢየትን አልመክርም። አምስት ዓይነት ሥጋ ሲደራረብ የትኛው ምን እንደሚጣፍጥ አይለይም፣ ሽንፍላውና ጅማቱ ያልለመደውን ሰው ያስደነግጣል። ታይና ናም፣ ወይም ታይና ቺን ያለበትን መስመር እዘዙ። አንዱ ሥጋ ለስላሳ፣ ሌላው የሚታኘክ፤ የመረቁም ጣዕም ሳይሸፈን ይቀራል። ስሙን ማንበብ ካስቸገረ ቁጥሩን ንገሯቸው፣ አስተናጋጆቹ ራሳቸው የሚጠሩት በቁጥር ነው።

ለልጆቹ ፎ ጋ ይሻላል፣ የዶሮ ነው። ነገር ግን ጠይቁ፦ ብዙ ፎ ቤቶች ለብቻው የዶሮ መረቅ አያፈሉም፤ የተቀቀለውን ዶሮ በከብቱ መረቅ ላይ ያደርጉታል። ለሁለቱ አንድ ትልቅ ሳህን ይበቃል፣ ሁለት ባዶ ጎድጓዳ ሳህን ጨምራችሁ ጠይቁ። የሽንኩርት ቅጠል የማይወዱ ልጆች ከሆኑ ሲታዘዝ ይነገር፤ ከመጣ በኋላ መልቀም አድካሚ ነው።

#3 ወለተ_ማርያም

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ። ሜኑው ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች ታያለህ፦ «ፎ ቻይ» እና «ፎ ራው»። ፎ ራው አትክልት አለበት ማለት ብቻ ነው፤ ብሮኮሊውና ካሮቱ የከብት መረቅ ውስጥ ተጨምሮ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ቦታም የሚሆነው ይኸው ነው። ፎ ቻይ ቡድሂስቶች ሥጋ በማይበሉበት ቀን የሚበሉት ነው፤ ብዙዎቹ በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ መጀመሪያና በ15ኛው ቀን ይጾሙበታል። ትክክለኛው ፎ ቻይ መረቁ ከፍጅል፣ ከካሮት፣ ከእንጉዳይና ከቅመም የተፈላ ነው።

ሆኖም ቻይ የሚለውን ስም ዝም ብሎ ማመንም አይገባም። አስተናጋጁን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ መረቁ አጥንት ገብቶበታል ወይ? የዓሣ ሶስ አለበት ወይ? ቶፉው (ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሰል ነገር) የተጠበሰው ሥጋና ሽሪምፕ በሚጠበስበት ዘይት ነው ወይ? «አትክልት ብቻ ነው ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አዎ» ይላችኋል፣ ምክንያቱም እሱ የሚያስበው ከላይ ስለተጨመረው ነው።

የፎው ኑድል ሩዝና ውኃ ስለሆነ ለጾም ችግር የለበትም። «ሚ» የሚባለው ቢጫው ኑድል ግን የስንዴ ነው፣ ብዙ ጊዜም እንቁላል አለው። ሥጋ አስመስለው ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ነገርም አንዳንዱ የእንቁላል ነጭ ወይም የወተት ፕሮቲን ስላለበት ተራ ቶፉ ይሻላል። የማይጠበሰው ጥቅልል «ጎይ ኩን» በቶፉ ይሠራል፤ አብሮት ቀጭን ማጥቀሻ ከመጣ ግን የዓሣ ሶስ ነው፣ በእሱ ፋንታ የአኩሪ አተር ሶስ ይጠየቃል። ዓሣን በጾም ስለመብላት እዚህ አንከራከር፣ ለንስሐ አባት የሚተው ጉዳይ ነው።

ቡናቸውም እንዳያሳስታት። በበረዶ የሚመጣው ታዋቂው ቡና ከሥሩ የጣሳ ወተት አለበት። ያለ ወተት ጥቁሩን በበረዶ ማዘዝ ይቻላል። ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ስለሚበዛበት ከእኛ ቡና ይከብዳል፣ ማታ ላይ እንቅልፍ ይነሣል።

#4 ድንብላል

ለአባትየው። ተራ የከብት ፎ በአብዛኛው ከከብት አጥንት ብቻ ይፈላል፤ ሆኖም ለጣፋጭነትና ለወጪ ቅናሽ ሲሉ የአሳማ አጥንት የሚቀላቅሉ ኩሽናዎች አሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ፎው አሳማ አለበት?» ሳይሆን «የመረቁ አጥንት የከብት ብቻ ነው?» መሆን አለበት። ቦ ቪየኑም አንዳንድ ጊዜ የተቀላቀለ ስለሆነ እሱን ይተዉት።

ከፎው ገጽ ስትወጡ ነው ዋናው ጥንቃቄ። «ቡን ቦ ሁዌ» የሁዌ ከተማ ቀይ ኑድል ነው፤ ስሙ ከብት ይበል እንጂ የአሳማ እግር፣ የረጋ ደምና የአሳማ ሥጋ ጥቅል የተለመዱ ክፍሎቹ ናቸው። የሚያሳዝነው ጠጅ ሣሩና በርበሬው ተገናኝተው ለእኛ ሰው አፍንጫ እጅግ የሚስብ መሆኑ ነው። «ሁ ቲዩ» መረቁ ራሱ የአሳማ አጥንት ነው። «ቡን ሪየው» የሸርጣንና የቲማቲም ሆኖ የተፈጨ አሳማ አብዛኛውን ጊዜ ይገባበታል። የተጠበሰው ጥቅልል «ቻ ዮ» ውስጡ የአሳማ ነው፤ ጎይ ኩንም ሽሪምፕ ብቻ መስሎ ከሥሩ የአሳማ ቁራጭ ይነጠፍበታል። ባን ሚ ሳንድዊች የዶሮ ቢሆንም ዳቦው የአሳማ ጉበት ሊቀባ ይችላል።

ለአባትየው ያለ ሥጋት የሚሄደው፦ የመረቁ አጥንት የከብት ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ታይና ቺን ያለበት ፎ። ሩዝ ከፈለጉ በሣር ሻይና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ዶሮ ከነጭ ሩዝ ጋር፣ የእንቁላልና የአሳማ ኬኩ ሳይጨመርበት።

#5 ኢክራም_ዲሲ

@ድንብላል ጠጅ ሣር ለማለት ፈልገህ መሰለኝ ሣር ሻይ ያልከው :)

ለሙስሊም አንባቢ ልጨምር። የከብት ብቻ መሆኑ ሐላል አያደርገውም፣ የሥጋው አስተራረድም አለ። ሐላል ሥጋ የሚጠቀሙ ፎ ቤቶች አንዳንድ ከተሞች ውስጥ አሉ፤ ምስክር ወረቀቱ መግቢያው ላይ ወይም ገንዘብ መቀበያው ጋ ይለጠፋል። ያንን ያላየ ሰው ከሽሪምፕ ጥቅልል አይለፍ፣ እሱም አሳማው እንዳይጨመርበት ተነግሮ።

#6 ድንብላል

@ኢክራም_ዲሲ አዎ፣ ጠጅ ሣር። አመሰግናለሁ።

#7 አናንዴል_ሰፈር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህ ሁሉ ዝርዝር ጠቃሚ ነው። አሁን አበላሉን። አትክልት የተከመረበት ሳህን፣ ሁለት ጠርሙስ ሶስ፣ ቾፕስቲክና ማንኪያ ይመጣል። ከየት ይጀመራል? ጥሬ ሥጋ ወዳዱስ ጥሬውን ቢበላው?

#8 የመረቅ_ሰው

በመጀመሪያ መረቁን ባዶውን ሁለት ሦስት ማንኪያ ቅመሱ። ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ያፈላው እሱ ነው፣ ሳይቀመስ ሎሚና ሶስ መዶል በደል ነው። ጥሩ መረቅ ጠርቶ ታዩታላችሁ፣ ላዩ ላይ ትናንሽ የቅባት ዓይኖች ይንሳፈፋሉ፣ ሽታው ቀረፋና ስታር አኒስ (የኮከብ ቅርጽ ያለው ቅመም) አለበት ግን አንዱ ጎልቶ አይጮኽም። የደፈረሰ ከሆነ አጥንቱ መጀመሪያ ተቀቅሎ አልታጠበም ወይም በኃይል እየተንተከተከ ፈልቷል፤ ስቡ ከውኃው ጋር ተመትቶ ተዋሕዷል ማለት ነው። ስኳር ስኳር ካለ የአጥንቱን እጥረት በስኳር ሸፍነውታል።

ቀጥሎ ኑድሉን በቾፕስቲክ ከሥር ወደ ላይ አንድ ሁለቴ ገልብጡት፣ ተጣብቆ ስለሚመጣ። ታይ ያዘዘ ሰው ያን ጊዜውኑ ሥጋውን ወደ መረቁ ይጫነው። ከዚያ አትክልቱ፦ የበሶብላ ዘመድ የሆነውን ባለ ሐምራዊ ግንድ ቅጠል ከግንዱ ነቅላችሁ በእጅ ቀደድ አድርጉ፣ አምስት ስድስት ቅጠል ይበቃል። ረጅሙን ባለ ጥርስ ቅጠልም እንዲሁ፤ ሽታው የድንብላል ቅጠል ሆኖ ይበረታል። የማሾ ቡቃያውን በአንድ ጊዜ አትከምሩት። ቀዝቃዛ ስለሆነ አንድ እፍኝ ሲገባ መረቁ ወዲያው ይበርዳል፣ ታዩም ሳይበስል ይቀራል። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ ወይም ሲታዘዝ በፈላ ውኃ ተነክሮ እንዲመጣ ጠይቁ፤ አብዛኛው ቤት ያደርገዋል። ሎሚው ሩብ ይጨመቅ፣ ይቀመስ፣ ከዚያ ይታይ።

ጥቁሩ ጣፋጭ ሶስ ሆይሲን፣ ቀዩ የሚያቃጥለው ሲራቻ ነው። ሁለቱንም ትንሿ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሥጋውን እየነከራችሁ ብሉ። መረቁ ውስጥ ከገባ መመለሻ የለውም። ቃሪያውን ደግሞ በሐበሻ ልክ አትድፈሩት፦ ቀጭኗ ባለ ጫፍ ቃሪያ ሚጥሚጣ ናት፣ ትኩስ መረቅ ውስጥ ስትቆይ እየበረታች ትሄዳለች።

አትዘግዩ። የሩዝ ኑድል መረቁን እየጠጣ ያብጣል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ልፍስፍስ ይሆናል። ወሬው ከኑድሉ በኋላ ይቀጥል። ቾፕስቲክ በቀኝ፣ ማንኪያ በግራ፣ መምጠጥም ነውር አይደለም። ነውሩ ቾፕስቲኩን ምግቡ ላይ አቁሞ መተው ነው፤ ለሙታን የሚለኮሰውን ዕጣን ስለሚያስታውሳቸው ሳህኑ ላይ አጋድሙት።

#9 ቅልጥም

የሆይሲኑ ነገር ላይ አልስማማም። በደቡብ ቬትናም ሳህኑ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች ሞልተዋል፣ ኃጢአት አይደለም። መጀመሪያ ይቀመስ ያልከው ግን ትክክል ነው። እኔ የምለው ግማሹን እንዲሁ፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን መረቅ በአንድ የሻይ ማንኪያ ሆይሲን መሞከር ነው። ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ ኑድሉ ሩዝ ነው ብሎ አይዘናጋ፤ ሆይሲን አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለበት።

የጥሬ ሥጋውን ነገር በተመለከተ፦ ታዩን ለብቻው በሳህን አምጡልኝ ማለት ይቻላል፣ የተለመደ ጥያቄ ነው። ይህን ለለብለብ ወዳድ የሚያህል የለም፦ ሁለት ሦስት ቁራጭ በቾፕስቲክ ይዞ መረቁ ውስጥ አሥር ሰከንድ ማቆየት፣ ዳሩ ሲነጣ ልቡ ቀላ እንዳለ ማውጣት። ይህ የሚሠራው መረቁ ገና ሲመጣ ነው። ሥጋው ለብቻው ሲሆን መረቁ ስለማይበርድ የተሻለ ይበስላል፣ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው።

ጥሬውን እንዳለ ግን አይብላው። ሥጋ ቤት ተቀምጦ እንደሚቆረጥ ብርንዶ አይደለም፤ በማሽን በስሱ እንዲቆረጥ ሲባል ከፊል በረዶ ይደረጋል፣ የተዘጋጀውም መረቁ ያበስለዋል ተብሎ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላልተፈጨ የከብት ሥጋ የሚመክረው 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ፈጥኖ እዚያ ይደርሳል፤ ልቡ ቀላ እንዳለ የወጣው ግን ላይደርስ ይችላል።

#10 ወለተ_ማርያም

ለነፍሰ ጡርና ለአራት ዓመቱ ልጅ ታይ አይታዘዝ፣ ቺን ይበቃቸዋል። ጥሬው ቡቃያም ለእነሱ አይሆንም፤ ቡቃያ የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ለሳልሞኔላና ለኢ ኮላይም ይመቻል፣ ማጠብ ብቻውን አያጠራውም። በደንብ በስሎ ይምጣ።

ደም ግፊት ያለበት አዛውንት ከሆነ መረቁን እስከ ሥሩ አይጠጣ። የአሜሪካ መመሪያ ለአዋቂ በቀን ከ2,300 ሚሊ ግራም በታች ሶዲየም ይላል፣ አንድ ትልቅ ሳህን ፎ ብቻውን ከ1,000 ማለፉ የተለመደ ነው። ኑድሉና ሥጋው ተበልቶ መረቁ ግማሹ ቢቀር ማንም አይቀየምም። «ያለ አጂኖሞቶ (ጣዕም ማጉያ ዱቄት) ስጡኝ» ማለትም ለፎ አይሠራም፣ ገብቶ ከሆነ ድስቱ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል።

#11 ኢክራም_ዲሲ

አንድ ጥያቄ። ሃኖይ የበላ ሰው «እዚያ የአትክልት ሳህን የለም» ብሎ ይከራከራል። እውነት ነው?

#12 የመረቅ_ሰው

እውነት ነው ማለት ይቻላል። ፎ የተወለደው በሰሜን ነው፣ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ፤ ፈረንሳዮች የከብት ሥጋ ፍላጎት ስላመጡ አጥንቱ በዝቶ ነበር። የሰሜኑ መረቅ የጠራና ጨዋማ ነው፣ ኑድሉ ሰፋ ይላል፣ ከላዩ የሽንኩርት ቅጠል፣ ከጎኑ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤና ቃሪያ፣ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1954 አገሪቱ ስትከፈል ብዙ ሰሜናውያን ወደ ደቡብ ወረዱ፣ ፎውንም ይዘው። ሳይጎን ላይ ጣፈጠ፣ ቅጠሉ፣ ቡቃያውና ሆይሲኑ ተጨመሩ።

በ1975 ሳይጎን ስትወድቅ ወደ አሜሪካ የተሰደደው በአብዛኛው የደቡብ ሰው ስለሆነ እዚህ የምንበላው የደቡቡን ነው። በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የሰፈሩት አርሊንግተን ክላረንደን ነበር። የሜትሮው ግንባታ ሲመጣና ኪራይ ሲወደድ ለቀው ወጡ፤ ኤደን ሴንተር በ1984 የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የሐበሻ ሱቅ ከበዛበት ከቤይሊስ ክሮስሮድስ ጥቂት ማይል ብቻ ስለሆነ የእኛ ሰው እዚያ መብዛቱ አይገርምም።

#13 ድንብላል

ቤት ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ልኬቱን ልስጥ። ለስምንት ሳህን፦ ሦስት ኪሎ የከብት አጥንት፣ ግማሹ ቅልጥም ግማሹ ጉልበት፤ አንድ ኪሎ ፍሪምባ፤ ስድስት ሊትር ውኃ።

አጥንቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥዳችሁ ከፈላ በኋላ አሥር ደቂቃ ይንተክተክ፣ ውኃው ይደፋ፣ አጥንቱ በእጅ ይታጠብ፣ ድስቱም ይታጠብ። ይህን የዘለለ ሰው መረቁ አይጠራለትም። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርትና የመዳፍ ያህል ዝንጅብል ከነልጣጩ እሳት ላይ ለብልቡት፣ ጥቁሩን ልጣጭ ፍቃችሁ ጨምሩ። አዲስ ስድስት ሊትር ውኃ ከተጣደ በኋላ እሳቱ ዝቅ ይበል፤ ከታች አንዳንድ አረፋ ብቻ ብቅ ይበል፣ ክዳኑ ገርበብ ይበል፣ አረፋው ይገፈፍ። ፍሪምባው በሁለት ሰዓት ገደማ ይወጣና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ይጠቁራል። አጥንቱ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይቆይ።

ቅመሙ ስድስት ስታር አኒስ፣ አንድ ጣት ቀረፋ፣ አምስት ቅርንፉድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእንስላል ፍሬ፣ አንድ ፍሬ ጥቁር ካርዳሞም። ሽታው እስኪወጣ ደረቁን ይታመስ፣ በጨርቅ ይታሰር፣ ለመጨረሻው አንድ ሰዓት ብቻ ይግባ። ከዚያ በላይ ከቆየ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። በጥቁሩ ካርዳሞም ፋንታ ኮረሪማ የሚጨምሩ አሉ፤ ያስኬዳል፣ ግን ጥቁሩ ጭስ የበላ ስለሆነ ያንን ሽታ አታገኙም፣ ኮረሪማውም በርትቶ እንዳይሸፍን ግማሽ ፍሬ ይበቃል።

ጨው፣ ሩብ ኩባያ የዓሣ ሶስና 30 ግራም ድንጋይ ስኳር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ብቻውን ሲቀመስ ትንሽ ጨው የበዛበት እስኪመስል አጣፍጡት፤ ኑድሉ ጨው ስለሌለው ያለዝበዋል።

ደረቁን ኑድል አትቀቅሉት። ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ሳህን ላይ ሊገባ ሲል በፈላ ውኃ ሃያ ሰከንድ ይነከር። ሳህኑንም በፈላ ውኃ አሙቁት፣ በቀዝቃዛ ሳህን ታይ አይበስልም።

#14 አናንዴል_ሰፈር

በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ሁለት ነገር፦ አከፋፈሉና የተረፈውን ይዞ መሄድ።

#15 ቅልጥም

ብዙዎቹ ቤቶች ሒሳቡን ጠረጴዛ ድረስ ቢያመጡልህም የሚከፈለው በር ላይ ባለው መቀበያ ነው፣ የጠረጴዛህን ቁጥር ይዘህ ሂድ። በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚሠሩ ስላሉ ካርድ ብቻ ይዘህ አትውጣ። ሒሳብ ካላመጡልህ አልረሱህም፤ ካልጠየቅህ በስተቀር እያባረሩህ እንዳይመስል አያመጡም። ዓርብ ማታ ስድስት ሰው በአንዴ ቦታ ለማግኘት ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት በፈረንጅ ሰዓት ድረሱ፤ ፓርኪንጉም ከምግቡ ይብሳል።

የተረፈውን ኑድል ከነመረቁ አታስጠቅልሉ፣ ቤት ሳትደርሱ ገንፎ ይሆናል። መረቁ ለብቻ፣ ሥጋና ኑድል ለብቻ። ለመውሰድ ሲታዘዝም ለያይተው ነው የሚሰጡት። ቤት ሲደረስ መረቁ እስኪንተከተክ ይፍላ፣ ኑድሉ በሙቅ ውኃ ተፈትቶ ይንጠፍጠፍ፣ ጥሬ ታይ ካለ ያን ጊዜ ይደረግበት። መንገድ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ጥሬ ሥጋ ግን ይጣል።